ስም እየጠየቁ የጸለዩ እናት፦ የወይዘሮ ለተገብርኤል ፍሰሃጽዮን የሕይወት ታሪክ (1948–2018 ዓ.ም.)

ወይዘሮ ለተገብርኤል ፍሰሃጽዮን ከአባታቸው ከአቶ ፍሰሃጽዮን ወልዱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተመድህን ዑቕባይ ታኅሣሥ 19 ቀን 1948 ዓ.ም. በትግራይ፣ በኢሮብ፣ ዓሊተና ተወለዱ። ቀኑ የገብርኤል ነበርና ስም ለማውጣት ማንም አልደከመም። በእነርሱ ቤት የክርስትና ስምና የመጠሪያ ስም ለየብቻ አልነበረም፤ ቄሱ ያጠመቀበት ስም እናት ከደጅ የምትጣራበት ስም ነው። እሳቸውም ካደጉ በኋላ፣ "የእኔ ስም ገበያ የወጣ ነው፤ የሚደበቅ ነገር የለበትም" እያሉ ይቀልዱ ነበር። የስም ነገር በሕይወታቸው ቀልድ ሆኖ እንዳልቀረ ከዚህ በታች ይነገራል።

አባታቸው በሰበካው ደወል የሚደውሉ ሰው ነበሩ። ሰው ሲሞት ደወሉ ቀስ እያለ፣ እየቆየ ይመታል። ያንን ድምፅ የሰማ ሁሉ፣ እህል የሚያበጥረውም ውሃ ቀድቶ የሚመለሰውም፣ ባለበት ቆሞ ለሟቹ የዘላለም ዕረፍት ይለምናል። ወይዘሮ ለተገብርኤል ግን በልጅነታቸውም ይህ አይበቃቸውም ነበር። ደወሉ ሥር ሮጠው ይሄዱና "ማን ነው? ስሙ ማን ነው?" ብለው አባታቸውን ይይዛሉ። አባታቸው "እግዚአብሔር ያውቀዋል፤ ለአንቺ ምን ይሠራልሻል?" ቢሏቸው፣ "ሰላምታ እንኳ ያለ ስም አይላክም" ብለው መለሱ። ይህ ወሬ በቤተሰቡ ውስጥ ሲነገር የኖረ ነው።

ትምህርታቸውን በዓሊተናና በዓዲግራት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለዋል። የልብስ ስፌት የተማሩትም እዚያው ዓዲግራት፣ መነኮሳት እኅቶች ዘንድ ነው። በ1966 ዓ.ም. አክስታቸውን ተከትለው ወደ መቐለ መጡና፣ ዛሬ ሓወልቲ በሚባለው ክፍለ ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል የስፌት መኪናቸውን ተከሉ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የቄስ ልብስ፣ ያልሰፉት የለም። ስፌት ከተጣመመባቸው ሠርጉ ነገ ቢሆንም ይፈቱታል። በዚህ ጠባያቸው ያለቀሰች ሙሽራ መኖሯን ራሳቸውም አይክዱም ነበር።

ከሥራቸው ሁሉ አስበልጠው የሚይዙት ግን የመግነዝ ስፌት ነበር። መግነዝ ሊያሰፋ የመጣን ሰው ወንበር ሰጥተው ያስቀምጡና መጀመሪያ የሚጠይቁት ልኩን ሳይሆን የሟቹን ስም ነው። ከዚያ መኪናው ተነሥቶ እስኪቆም ድረስ ከንፈራቸው ከዚያ ስም ጋር ይንቀሳቀሳል። ነጩን አቡጀዴ የሚያመጡላቸው ከወሎ የመጡት ነጋዴ ወይዘሮ ሁሪያ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ የሞተ ሁሉ ዘመድሽ ነው እንዴ?" ብለው ሲተርቧቸው፣ "የቆመውማ አፍ አለው፣ ለራሱ ይለምናል። የሞተ ሰው ግን ለራሱ መለመን አይችልም፤ እኛን ነው የሚጠብቀው" ይሏቸው ነበር።

ነፍስ ከሞት በኋላ ስለ መንጻቷ የቤተ ክርስቲያናቸውን ትምህርት ለሚጠይቃቸው ሰውም በሙያቸው ነበር የሚያስረዱት። "ልብስ ተሰፍቶ ስላለቀ ለባለቤቱ አይሰጥም። የተንጠለጠለው ክር ይቆረጣል፣ የተጨማደደው ይተኮሳል። ነፍስም ወዳጇ ፊት ከመቅረቧ በፊት እንዲሁ ናት። የእኛ ጸሎትና ቅዳሴ መተኮሻው ነው።" ከዚህ በላይ አያብራሩም ነበር።

በ1971 ዓ.ም. በመቐለና በደሴ መካከል የጭነት መኪና ሲያሽከረክሩ ከነበሩት ከአቶ ኣባዲ ንጉሠ ጋር ትዳር መሠረቱ። አቶ ኣባዲ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነበሩ። የሁለቱም ቤተሰብ "በእኛ ቤተ ክርስቲያን ካልሆነ" ስላለ፣ ጋብቻው በሽማግሌና በማዘጋጃ ቤት ተፈጸመ። በ1974 ዓ.ም. ልጃቸው ሳሊና ተወለደች፤ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ተጠመቀች። የአቶ ኣባዲ ታላቅ እኅት ወይዘሮ ኣስካል ይህን አልወደዱትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወንድማቸውን ሚስት በስማቸው ጠርተው አያውቁም፤ "እታ ካቶሊክ"፣ ያቺ ካቶሊክ፣ ነበር የሚሏቸው። በባልና ሚስቱ መካከል ግን በሃይማኖት ምክንያት ክፉ ቃል አልገባም። አቶ ኣባዲ እሑድ እሑድ ባለቤታቸውን በመኪናቸው እስከ ካቶሊኩ ደጅ ያደርሱና እሳቸው ወደ ደብራቸው ይሄዱ ነበር።

አቶ ኣባዲ በግንቦት 2005 ዓ.ም. ልባቸው ድንገት ቆሞ አረፉ።

ከዚህ በኋላ የሚነገረው ወይዘሮ ለተገብርኤል ራሳቸው ጻፉ ብለው ያዘዙት ነው። በመጨረሻ ሕመማቸው ወቅት ቤተሰቡን ሰብስበው እንዲህ አሉን፦ "ቀብሬ ላይ ደግ ነበረች ብላችሁ አትዝጉኝ። ሰው 'ገነት ገብታለች' ካለ እጁን ታጥቦ ይነሣል፤ ከዚያ ማን ይጸልይልኛል? ጉድለቴንም ጻፉት። የሚለምንልኝ ሰው ስለ ምን እንደሚለምን ይወቅ።" ትእዛዛቸው ስለሆነ እነሆ ተጽፏል።

ወይዘሮ ኣስካል ለወንድማቸው የአርባ ቀን ተዝካር ደግሰው ነበር። ሰው በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ካህናቱም ጸልየው እየመረቁ ሳለ፣ ሐዘን ያቃጠላቸው ወይዘሮ ለተገብርኤል እንግዳ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "ኣባዲ የተራበው ጸሎት ነው እንጂ ድግስ አይደለም" አሉ። ወይዘሮ ኣስካል የያዙትን ሳህን አስቀምጠው ወደ ጓዳ ገቡ።

ጥቂት ሰንብቶ ወይዘሮ ለተገብርኤል አንድ ነገር እንደጎደላቸው አወቁ። በቤተ ክርስቲያን ለሟች የሚጸለየው በተጠመቀበት ስም ነው። "ኣባዲ" ሾፌሮችና ጎረቤት የሚጠሩበት ስም ነበር፤ የክርስትና ስማቸውን ግን አያውቁትም። በሕይወት ሳሉ ቢጠይቋቸው "እናቴ ታውቀዋለች" እያሉ ይስቁ ነበር፤ እናታቸውም ሳይጠየቁ አረፉ። በጸሎተ ፍትሐቱ ላይ ስሙ ሲጠራ ወይዘሮ ለተገብርኤል በለቅሶ ደክመው ከልጃቸው ጋር ደጅ ተቀምጠው ነበር፤ ሌላውም ለቀስተኛ ስሙን ልብ አላለውም። ስሙን ለቄሱ የነገሩት ወይዘሮ ኣስካል ናቸው፤ ቄሱም ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ስለዚህ በምድር ላይ ያንን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ሄደው ጠየቁ። ወይዘሮ ኣስካል በር ላይ ቆመው፣ "ድግሴን ንቀሽ ስሙን ልትወስጂ? የክርስትና ስም ለማንም አይሰጥም" ብለው መለሷቸው። ሽማግሌ ተላከ፤ አልሆነም። የካቶሊኩ ቆሞስ፣ "እናቴ፣ እግዚአብሔር ኣባዲን ከሌላ ሰው ጋር አያሳስተውም" ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ። እሳቸውም "እሱማ አይሳሳትም፣ አባ። ባዶ እጄን የምቀርበው እኔ ነኝ" አሉ። የሺህ ሰው ስም እየጠየቁ የጸለዩ እናት የገዛ ባላቸውን ስም አጥተው ቀሩ። ያም ሆኖ አልተዉም። ስሙ ያለው ወይዘሮ ኣስካል ዘንድ ነውና፣ በየማለዳው "ጌታዬ፣ የኣስካልን ወንድም አስበው" እያሉ ይጸልዩ ጀመር።

በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲመጣ ወይዘሮ ኣስካል ሰሜን ክፍለ ከተማ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ። ወይዘሮ ለተገብርኤል በእግራቸው ሄደው፣ "ከባዕድ ደጅ ከምትወድቂ የወንድምሽ ቤት ነው፤ ተነሽ" አሏቸው። ወይዘሮ ኣስካል መጡ፤ ደጃፉን ሲረግጡ ግን "የመጣሁት ወደ ሓወይ፣ ወደ ወንድሜ ቤት ነው፣ ወደ ማንም አይደለም" ማለታቸውን አልረሱም። ባንክ ተዘግቶ፣ መድኃኒት ጠፍቶ፣ ሁለቱ አሮጊቶች ያገኟትን ዱቄት ገንፎ እያደረጉ ከአንድ ሳህን በሉ። ማለዳ ማለዳ ወይዘሮ ኣስካል በዚህ ጥግ ውዳሴ ማርያማቸውን፣ ወይዘሮ ለተገብርኤል በዚያ ጥግ መቁጠሪያቸውን ይይዛሉ። አንዳቸው ድምፅ ከፍ ሲያደርጉ ሌላኛዋም አይሸነፉም ነበር።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ ኣስካል መጽሐፋቸውን አጥፈው ተነሡ።

"አንቺ! እኔን ነው በየማለዳው ለአምላክ የምታሳጪኝ? ስሜን ሰምቻለሁ።"

"አንቺን አልከሰስኩም። ለወንድምሽ ነው የምለምነው።"

"ታዲያ እኔን ምን አስጠራኝ?"

"ስሙን ቆልፈሽበት በምን ልጥራው፣ ኣስካል ሓፍተይ፣ እኅቴ? የኣስካል ወንድም እላለሁ። ይኸው እሱ ከሞተ ጀምሮ አንቺን ሳልጠራ የዋልኩበት ቀን የለም።"

ወይዘሮ ኣስካል ያን ቀንም ስሙን አልነገሩም። ብቻ ከዚያ ጠዋት ወዲህ ድምፅ አውጥተው መጸለይ ተዉ። ያዳምጡ ነበር።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የሙታን ሁሉ መታሰቢያ ይከበራል። ምእመናን የሟቾቻቸውን ስም ይሰጣሉ፤ በኅዳር ሰንበቶችም በቅዳሴ ላይ ይነበባል። በ2016 ዓ.ም. መርዶ ያልገባበት ቤት ጥቂት ነበርና ስም የሚሰጠው ሰው እስከ ደጅ ተሰልፎ ነበር። ወይዘሮ ለተገብርኤል ግን የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ጥሏቸው መሄድ አልቻሉም። ወይዘሮ ኣስካልን ጠሯቸው።

"ተዝካርሽን ያቃለልኩበትን አፌን ይቅር በዪኝ። ሐዘን ነው ብዬ አላመካኝም፤ ክፋት ነበር። አሁን እኔን ተክተሽ ሂጂና የወንድምሽን ስም ስጪ። ለእኔ አትንገሪኝ፤ እዚያ ብቻ ይነገር።"

ወይዘሮ ኣስካል "ይቅርታሽስ ዘግይቷል። ጫማዬ የት አለ?" አሉ። በዕድሜያቸው ሙሉ ረግጠውት በማያውቁት ደጅ ሄደው ተሰለፉ። ሲመለሱ ወይዘሮ ለተገብርኤል ከትራስ ቀና ብለው ጠበቋቸው።

"ሰጠሽ?"

"ሰጠሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"በስሙ ነዋ።"

"ስሙስ?"

"አሁንማ ካቶሊኮቹ ዘንድ ነው። ተነሽና ሂደሽ ስሚ።"

አልጋ የያዙት እናት በሚቀጥለው እሑድ ተነሡ። በአንድ ወገን ሳሊና፣ በሌላው ወገን ወይዘሮ ኣስካል ደግፈዋቸው ቤተ ክርስቲያን ገቡ። የሚነበበው ስም ብዙ ነበር፤ አብዛኛው የወጣት ስም ነበር። ለእያንዳንዱ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። በመካከሉ "ገብረተንሳኤ" ተብሎ ሲነበብ ወይዘሮ ኣስካል ክንዳቸውን ጨበጥ አደረጓቸው። ወይዘሮ ለተገብርኤል አላለቀሱም። "ገብረተንሳኤ… ገብረተንሳኤ" እያሉ ስሙን እንደ ማር አጣጣሙት። ከዚያ ዞር ብለው በሹክሹክታ፣ "እንዲህ ያለ ስም ነው እንዴ የደበቅሽኝ!" አሏቸው። "ደኅና ስም ባይሆንማ መች እደብቀው ነበር" አሉ ወይዘሮ ኣስካል። ሁለቱም በቅዳሴ መካከል መሳቃቸውን ከፊታቸው የተቀመጡ ምእመናን ይመሰክራሉ። ይህም ከጉድለታቸው ይቆጠር።

ከዚያ በኋላ በነበሯቸው ዓመታት ማለዳ ማለዳ የሚጸለየው በአንድ ጥግ ነበር። አንደኛዋ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ ሌላኛዋ ያዳምጣሉ፤ ሌላኛዋ መቁጠሪያ ሲይዙ አንደኛዋ ያዳምጣሉ፤ ስሙ ሲደርስ በአንድ ድምፅ ይጠሩታል።

ወይዘሮ ለተገብርኤል በሕክምናና በልጃቸው ብርቱ እንክብካቤ ሲረዱ ቆይተው፣ የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት፣ ምሥጢራትን ተቀብለው፣ በተወለዱ በ70 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ልጃቸውን ወይዘሮ ሳሊና ኣባዲን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም የባለቤታቸውን እኅት ወይዘሮ ኣስካል ንጉሠን ትተው ሄደዋል። የተገነዙበት መግነዝ በራሳቸው እጅ የተሰፋ ነው፤ ስፌቱም አልተጣመመም።

ባረፉ ማግስት፣ ለቀስተኛው ገና ሳይሰበሰብ፣ ወይዘሮ ኣስካል በዚያ በለመዱት ጥግ ቆመው ተሰሙ። ከሳሊና ጥምቀት ቀን ጀምሮ በአፋቸው ገብቶ የማያውቀውን ስም ያን ጊዜ ጠሩት፤ "ጌታዬ፣ ለተገብርኤልን አስባት፣ የገብረተንሳኤን ሚስት፣ የእኔን እኅት።"

እዚህ የቆማችሁ ወዳጆች፣ ገነት ገብተዋል ብላችሁ አትሂዱ፤ አደራ ብለዋል። ስማቸው ገበያ የወጣ ነው፣ የሚደበቅ ነገር የለበትም፤ ለተገብርኤል ነው። ክሩን ቆርጦ፣ ጭምዳዱን ተኩሶ፣ ሰፊዋን ወደ ሠርጉ ቤት የሚያስገባ ጌታ በዚህ ስም ሲለመን ይስማን። አሜን።