ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ በይ

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? የሆስፒታሉ ምግብ አልጥም እንዳለሽ ጽፈሻል፤ ባይጥምሽም እባክሽ ብዪ። እኔ ከወገቤና ከአለቃዬ በቀር የሚያመኝ የለም።

ዘፈኔን ለሌላ ሰጣችሁት ወይ ብለሽ ተቆጥተሻል። ማን ደፍሮ! ተኝተሽም መነታረክ አልተውሽም አይደል? ሸክላው ያንቺ ነው። ባንዱ በሙሉ በአንድ ማይክሮፎን ሲቀረጽ ድምፀ ጉልበተኛው ራቅ ብሎ እንደሚቆም ታውቂያለሽ። መጀመሪያ ያቆምኩሽ በሩ ጋ፣ ከትራምፔት ነፊው ኋላ ነበር፤ ይቺ ልጅ ልታደነቁረኝ ነው እያለ ያማርር ነበር። ከዚያ በየዘፈኑ ትንሽ ትንሽ አስጠጋሁሽ። አንዴ ክፍሉ ያስተጋባል፣ አንዴ ማይክሮፎኑ አርጅቷል እልሽ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከንፈርሽ ብረቱን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ ከበሮውንም በብርድ ልብስ ሸፈንነው። የባንዱ ልጆች ገብቷቸው ነበር። አንቺም ገብቶሽ እንዳልገባሽ የሆንሽ ይመስለኛል።

አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም። እስክትድን እንጠብቅ፣ ክረምቱ ይውጣና በደንብ ትዘፍናለች አለኝ። ዶክተርሽ ስልክ በደወለልኝ ማግስት ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

"አይሆንም፣ በዚህ ሳምንት ነው" አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝና መቅረጫውን ራሱ ከመደርደሪያው አወረደልኝ። አንቺም ለምን ቸኮልክ እንዳትዪኝ።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ባንዱ ይቀራል፤ አኮርዲዮን ብቻ እይዛለሁ። ባሱንም ሳክስፎኑንም ከበሮውንም ስመለስ እኔው እየተጫወትኩ እጨምርበታለሁ፤ ብቻዬን ባንድ መሆን ለምጄ የለ? አንቺ ትራስሽን ተደግፈሽ በሹክሹክታም ቢሆን ዝፈኚ። ሳል ከመጣብሽ አትያዢው፣ አልቆርጠውም።

ሌላ ደግሞ፣ አባባ አብሮኝ ይመጣል። አዎ፣ አባባ! ዘፋኝ ከሆንሽ ወዲህ ስምሽን ጠርቶ የማያውቀው ሰውዬ። ዶክተሩ ያለኝን ስነግረው ኮቱ እንዲተኮስለት አዘዘ። ስትዘፍኚ ውጪ ትጠብቀናለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

"አልጋዋ አጠገብ ወንበር ይኖራል?" አለኝ።

ሲገባ ምን ነካው ብለሽ አትደንግጪ። አምላክ እስከ ቅዳሜ ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ።

ታላቅ ወንድምሽ