የሞተርህን መሪ ከፍ አስደረግነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፤

እንደምን አለህ? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ያ ሳል ተወህ ወይስ አሁንም ያንተከትክሃል? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ትንሿስ፣ በፎቶ ብቻ የምናውቃት እመቤት፣ ጥርስ አወጣች ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። «ሁላችን ደህና ነን» ብዬ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ታውቀኛለህ፣ ሆዴ የያዘውን አፌ መደበቅ አይችልበትም። ስለዚህ በሕይወት አለን፣ የቀረውን እያነበብክ ትደርስበታለህ።

እኔ ያው ልብስ ማጠቢያ ቤቱ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የሆቴል አንሶላ ስተኩስ እውልና ቤት ስገባ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ ይለኛል። ደክሞኛል ወንድሜ። ይህንንም የምጽፍልህ እሁድ ከሰዓት እማዬ ጋደም ስትል፣ አባባም ጎረቤት ፍሪጅ ሊያዩ ሲወጡ ጠብቄ ነው። በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትል፤ የአባባ ጆሮ ከደከመ ወዲህ ስልኩን ድምፁን ለቀን ነው የምናወራው። ለአንተ የምነግርህን ሁሉ ከጎኔ ተቀምጠው ይሰሙታል።

ነገሩ ስለ ሞተርህ ነው። አትደንግጥ፣ አልተሰረቀም፣ አልተሸጠም። ስትሄድ «አባባ፣ አደራ፣ እስክመጣ እንዳለ ይቆየኝ፤ ቆሞ እንዳይበላሽ ግን ይንዱት» ብለሃቸው ነበር። ይህን ያልከው ከሻንጣህ ዚፕ ጋር እየታገልክ ስለነበር ረስተኸው ይሆናል። እሳቸው አልረሱትም። የራሳቸው አሮጌ ሞተር አልነሳም ብሎ ከቀረ ወዲህ ፍሪጅ ለመጠገን ከቤት ቤት የሚዞሩት በአንተው ነው።

የውድድር ሞተር ነገር ታውቀዋለህ። መሪው ተብዬው ዝቅ ብለው፣ የፊት ጎማውን በያዙት ብረቶች ላይ የተጣበቁ ሁለት አጫጭር እጀታዎች ናቸው። ለመንዳት ደረትህን የነዳጁ ታንክ ላይ አስተኝተህ፣ አንገትህን ወደ ላይ ሰብረህ ነው። አንተ ያኔ ያምርብህ ነበር። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው የመፍቻ ቦርሳ በጀርባው አዝሎ እንዲያ ሲጎነበስ ግን መንገድ ላይ የጣለውን ሳንቲም የሚፈልግ ነው የሚመስለው። የሰፈሩ ጎረምሶች «አባት፣ ውድድሩ ስንተኛው ዙር ደረሰ?» ይሏቸዋል። እሳቸውም «እየመራሁ ነው፣ ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም» ብለው ያልፋሉ። አመሻሽ ላይ ከሞተሩ ሲወርዱ ግን ወዲያው መቆም አይችሉም፤ እማዬ እንዳትነቃባቸው ጎማ የሚያዩ መስለው ጎንበስ እንዳሉ ይቆያሉ።

ክብደታቸው ሁሉ በእጃቸው አንጓ ላይ ስለሚያርፍ መጀመሪያ ጣታቸው መደንዘዝ ጀመረ። ቀጥሎ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። እማዬ ትቆልፍላቸዋለች፤ «በስተርጅና ሙሽራ ማልበስ ጀመርኩ» እያለች ትስቃለች። እኔ አልሳቅኩም። ፍሪጅ የሚጠግን ሰው ጣቱ ካልሰማው በምኑ ሊሠራ ነው? ባለፈው ወር ደግሞ ገበያው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሊይዙ ሲሉ ጣታቸው አልታዘዝ ብሎ ቀጥ ብለው የቲማቲም ሻጯ መደብ ላይ ወጡ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዜር አተረፈን። ሴትዮዋ ራሷ ደግፋ አነሳቻቸው፤ «አባቴ፣ ቲማቲም ካማረዎት ከሩቅ ይጥሩኝ እንጂ» ብላ አሳቀቻቸው። እጃቸውን ያየላቸው ሐኪም ግን የሚስቅ ዓይነት አልነበረም። «ወይ መጎንበሱን ይተዉ፣ ወይ ሞተሩን ይተዉ፤ አለዚያ ይሄ እጅ አይመለስም» አላቸው። ሞተሩን ተዉ ማለት ደግሞ ሥራውን ተዉ ማለት ነው፤ አባባ ደግሞ ያለ ሥራ አንድ ቀን ቤት ከዋሉ ቤቱን የሚያስለቅቁን ሰው ናቸው።

ሜካኒኩን «ነገ ና»ን ታስታውሰዋለህ፣ ለማንም ሰው «ዛሬ» ብሎ የማያውቀውን። ሄጄ ለመንኩት። «ቀላል ነው፤ እነዚህን አጫጭሮቹን አውጥቼ አንድ ወጥ ረጅም መሪ ከላይ አስርለታለሁ። ቀና ብለው ይነዳሉ» አለኝ። ደስ ብሎኝ ለአባባ ብነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «የሰው አደራ ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ብሎን አላስፈታም» አሉ። የገዛ ልጅዎ እኮ ነው ብላቸው፣ «ልጅም ቢሆን አደራ አደራ ነው» ብለው ዘጉኝ።

በስልክ ስንቴ ጠየቁህ። አልገባህ ይሆናል፤ እሳቸው አፍ አውጥተው እጄን አመመኝ አይሉም። «ይሄ መሪ ትንሽ ዝቅ አላለም እንዴ?» ነው ያሉህ። አንተም «ስመጣ እናየዋለን አባባ» ብለህ ወደ ሌላ ወሬ ትሄዳለህ። ስትመጣ የምናየው ነገር እኮ ተከምሯል ወንድሜ። ጣሪያው አለ፣ የእማዬ መነጽር አለ፣ የጓሮው አጥር አለ። እኔም አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እጃቸው ሻይ መያዝ አቅቶት ብርጭቆውን በሁለት መዳፋቸው አቅፈው ሲጠጡ አየሁ። «ደውሎልኝ ነበር፤ መሪውን እንደፈለጋችሁ አድርጉት ብሏል» አልኳቸው። ዋሸሁ። በአንተ ስም ዋሸሁ፣ ይቅር በለኝ።

ነገ ና ለጉድ «ዛሬ» አለን። አባባ በርጩማ ስበው ከጎኑ ተቀመጡና የተፈታውን ብሎን ሁሉ በጨርቅ ይቀበሉት ጀመር። አዲሱ መሪ ቁመቱ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ መሪው ከፍ ሲል የፍሬኑ ቱቦና ገመዶቹ ሁሉ አጠሩ፤ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጠሩ። ነገ ና እንዲሁ ሊያስረክበን ነበር። አባባ «አስነሳና መሪውን እስከ ጥግ አዙረው እስቲ» አሉት። ሲያዞረው የነዳጁ ገመድ ተስቦ ሞተሩ ማንም ሳይነካው ጮኸ። «በዚህ ነው የምትሸኘኝ?» አሉት፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ። እሱም አንገቱን ደፍቶ «ነገ ይምጡ» አለ። ረዘም ያለ ገመድና ቱቦ ፈላልጎ እስኪያስገባ ሳምንት ፈጀበት።

ሲያልቅ አባባ ወጥተው ተቀመጡበት። ጀርባቸው ቀጥ፣ ክንዳቸው ዘና አለ። ሰፈሩን አንዴ ዞረው ሲመለሱ «መንገዱን ከስንት ጊዜ በኋላ ሙሉውን አየሁት» አሉ። ጣታቸውም ቀስ በቀስ እየተመለሰላቸው ነው፤ ትናንት ከላይ ያሉትን ቁልፎች ራሳቸው ቆለፉ። ተመስገን፣ ተገላገልኩ አልኩ።

አልተገላገልኩም። መሪው ያለቀ ዕለት እራት ላይ «ታዲያ አይመጣም ማለት ነው» አሉ። ማን? አልኳቸው፣ እያወቅኩት። «ሊመለስ ያሰበ ሰው ንብረቱን እንደፈለጋችሁ አድርጉት አይልም» አሉ። እማዬ ቀና ብላ አየችኝ።

አሁን እውነቱን ብነግራቸው በነጋታው ነገ ናን ጠርተው የድሮዎቹን እጀታዎች ያስመልሳሉ፣ አውቃቸዋለሁ፤ እጃቸውም ይቀራል። ዝም ብል ደግሞ አንተ ያላልከውን ነገር አልክ ብለው አምነው ይኖራሉ። ያላልከው ይሁን እንጂ የማታስበው መሆኑን እኔስ በምን አውቃለሁ? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

ወንድሜ፣ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? አልመጣም ብትል አልቀየምህም። እዚያ ሚስት አለህ፣ ልጅ አለህ፤ ሰው ኑሮው ካለበት ይኖራል። ግን ንገራቸው፣ ለእሳቸው፣ በራስህ አፍ። የምትመጣ ከሆነ «መሪውን ፈቅጃለሁ፣ እኔም እመጣለሁ» በላቸው። የማትመጣ ከሆነ «ሞተሩ የእርስዎ ነው» በልና ከአደራው አውጣቸው። አንዱንም ሌላውንም ይችሉታል፤ መጠበቁ ነው የጎዳቸው። እኔም በአንተ ፈንታ መልስ መፍጠር ታከተኝ።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ትንሿንም ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ። ልጄ አጎቴን ሰላም በይልኝ ብላለች፤ ቁመቷ እኔን ልትደርስ ነው። እማዬ «በደንብ ይብላ፣ ከስቷል» ትልሃለች፤ ፎቶህን ባየች ቁጥር ከስተሃል። አባባን ደብዳቤ ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልዎ ብያቸው ነበር። «ሰላም በይልኝ» አሉኝ። ሌላ ጊዜ «ሞተሩም ደህና ነው በይው» ሳይሉ አያልፉም ነበር። ይሉ ይሆናል ብዬ ብጠብቃቸው መፍቻቸውን አንስተው ወጡ።

ታላቅ እህትህ

ከቤታችን በረንዳ፣ እሁድ የካቲት ፱ ቀን