ሦስት ጥንድ ጫማ

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለሽው እህቴ። አንቺ፣ ባልሽና ያቺ ቀበጥ ልጅሽ እንዴት ናችሁ? እኔ ከመሳደብ አልቦዘንኩም፣ ደህና ነኝ።

ስልክ አያነሳም ብለሽ ተቀይመሻል አሉ። ድምፄ ስለሻከረ ነው፤ እስኪጠራ በደብዳቤ ቻይኝ።

ከምላሴ ሥር ተቆርጦ የተመረመረው ዕጢ ውጤቱ መጣ። ሐኪሙ ዕጢውን የሚያባብስ አንድ ፕሮቲን በዝቶበታል አለና፣ እንደኔ የበዛባቸው ሰዎች ስንት ዓመት እንደኖሩ በቁጥር ይነግረኝ ጀመር። «ዶክተር፣ እነሱን አላውቃቸውም፤ እኔ አርባ ዓመት ሚስማር በከንፈሬ ይዤ ጫማ የሰፋሁ ሰው ነኝ» አልኩት። ሚስማሩንም በአፍህ አትያዝ አለኝ። አሁን በግራ ጉንጬ ነው የምይዘው!

ለልጅሽ ሦስት ጥንድ ጫማ ልኬአለሁ። አንዱ ለዘንድሮ፣ አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ፣ ነጩ ደግሞ ለሠርጓ ነው። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ናት እንዳትይኝ፤ እግሯ ያንቺን ስለሚመስል በአንቺ ልክ ሠራሁት። ጥሩ ቆዳ ስላገኘሁ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳታስቢ።

የሠርጓ ቀን ቢጠብባት ለሌላ ጫማ ሰፊ እንዳትሰጪብኝ። ወደኔ ላኪው፣ እኔው አሰፋዋለሁ።

ለሁላችሁም ጤና የሚመኘው፣
ግትሩ ወንድምሽ