የደምለው ስም በ«ሚሲንግ» ረድፍ

ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ለምትናፍቂኝ እናቴ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ፋሲካን እንዴት ዋልሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ብዬ መጻፍ ለምጃለሁ።

መልእክትሽ ደረሰኝ። ወንድሜ ደምለው ሞቶ እንደሆነ ዐርባውን ላውጣለት፣ ካለም በቁሙ አላልቅስበት ብለሻል። መሪጌታ አንሙት ደግሞ ሲሞት ያየ ሰው ካልመሰከረ ፍትሐት አይደረግም ብለዋል አሉ። ዐርባው የፊታችን ቅዳሜ ነው።

ጣልያንን ሊያስወጡ ከኛ ጋር የዘመቱት እንግሊዞች ስም የሚጽፉት በሦስት ረድፍ ነው፤ የሞተ፣ የቆሰለ፣ «ሚሲንግ»። የአርበኞቹን ስም የምጽፈው እኔ ነኝ። ሚሲንግ ምን ማለት እንደሆነ የእንግሊዞቹን ሃምሳ አለቃ በአስተርጓሚው በታረቀኝ በኩል ጠየቅሁት። የጠፋ፣ ያለበት የማይታወቅ ማለት ነው አለኝ። ፒፓው ሲጠፋበትም እንዲሁ ይላል። ከወዴት የመጣ ቃል ነው ብዬ ብጠይቀው፣ በጥንት ዘመን የተወረወረ ነገር ዒላማውን ሲስት ይባል ነበር አለ። ታረቀኝ ሳቀና፣ በል እንግዲህ አንተ ሰውዬ፣ ወንድምህን ስተውታል ማለት ነው፣ ደስ ይበልህ አለኝ። ሃምሳ አለቃው ለሚስቱ ናፍቀሽኛል ብሎ ሲጽፍም የሚጠቀመው በዚያው ቃል ነው። ይህን ሁሉ ጠየቅሁ። ለቅዳሜ የሚሆን ነገር አላገኘሁበትም።

ደምለውን ወደ ሞቱት ረድፍ ላዛውረው ብዬ ነበር። ሲሞት አይተሃል? አለኝ ሃምሳ አለቃው። አላየሁም አልሁ። እንግዲያው ሚሲንግ ነው አለና ወደ ሻዩ ተመለሰ።

መሪጌታ፣ ይህን የሚያነቡላት እርስዎ እንደሆኑ ዐውቃለሁ። እዚህ ላይ ሳል እንደያዘው ሰው ቆም ይበሉና የሚከተለውን በልብዎ ያንብቡት። መጋቢት 16 ቀን ደምለው ከጣልያን ምሽግ ሥር ሆዱን ተመታ። ልሸከመው ሞከርሁ፤ ከበደኝ። ተኩሱ እየቀረበ መጣ። ጋቢዬን አልብሼው ሮጥሁ። ስሜን ይጠራ ነበር። በማግስቱ ስመለስ እሱም ጋቢውም የሉም። ይህ ምስክርነት ይሆናል? እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ይፍረዱ። አሁን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይቀጥሉላት።

እናቴ ሆይ፣ መሪጌታ የሚሉሽን አድርጊ። ቅዳሜ ፍትሐት ቢደረግም ባይደረግም እኔ አልመጣም። ሥራ በዝቶብኛል።

የዲማው ጊዮርጊስ ይጠብቅሽ። ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ታናሹ ልጅሽ