ግማሹን ብቻ የምናውቀው ዘፈን

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 1979 ዓ.ም.

ውድ መልአኩ፣

ጤናህን ከመጠየቄ በፊት ልቆጣህ ነው። ከማሰልጠኛው አንድ ደብዳቤ ጽፈህ፣ ወደ ሰሜን ልንሄድ ነው ብለህ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ማለት ምን ይባላል? ፖስታ ቤት ስሄድ ሠራተኛው ገና በሩ ላይ ሳለሁ አንገቱን መነቅነቅ ይጀምራል። ሕብረት ሱቅ ውስጥ ስኳር ስመዝን ሐሳቤ አንተ ጋ ይሄድና እጄ ያበዛል፤ ደንበኛው ይመርቀኛል፣ ኃላፊው ይቆጣኛል። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቢትልስ ነው። አትሳቅ።

ያኔ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ተዛውሮ ሲሄድ፣ ከቴፑ ጋር የእነዚያን አራት እንግሊዞች ዘፈን ሁሉ ይዞብን ሄደ። እኔ አለቀስኩ። አንተ ግን የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነህና አንዱን ዘፈን ከነግጥሙ በጆሮህ ይዘኸው ቀርተህ ነበር። "ይሄ አራራይ ነው" አልከኝ፤ አባትህ ለዜማ ተማሪዎቻቸው የሚነግሯቸውን የለስላሳውን ዜማ ስም ለእንግሊዞች ሰጠህ። ከዚያ እንደ ደቀ መዝሙር አስቀመጥከኝ። አንድ ሐረግ ትሰጠኛለህ፣ እመልሳለሁ፣ ታርመኛለህ፣ አደላድዬ በቃሌ እስክይዘው ድረስ ቀጣዩን ትከለክለኛለህ። የቃሉን ትርጉም አብዛኛውን አናውቀውም ነበር። ቸኩዬ "ቀጥል እንጂ" ስልህ፣ "ሳታደላድዪ የት ትሄጃለሽ" ትለኛለህ። ምቱን ጉልበቴ ላይ እየመታህ ስትሰጠኝ፣ እንድትደግምልኝ ብዬ አውቄ የተሳሳትኩባቸው ቀኖች ነበሩ። አሁን በወረቀት ስነግርህ ምን ታመጣለህ?

ግማሹ ላይ እንደደረስን፣ በጥቅምት፣ ከገበያ መሀል ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱህ።

አባትህን ታውቃቸዋለህ። መሪጌታ አካሉ፣ "ዘፈን እዚህ ግቢ አይገባም" ብለው ከአጥሩ ሥር እንኳ ያባረሩን ሰው ናቸው። ጾሙ ተፈትቶ የፋሲካ ሳምንት እንዳለፈ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ሱቁ ደጃፍ ቆሙ። ሰልፉ እስኪያልቅ ጠበቁና ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ።

"ያንን የልጄን ነገር ታውቂዋለሽ አሉ።"

የቱን ብዬ አልጠየቅኋቸውም። "የኔታ፣ ዘፈን እኮ ነው" አልኳቸው።

"ድምፁ ከቤቴ ጠፋ፣ ልጄ። ስጪኝ፣ እይዘዋለሁ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ ቤታችሁ እሄዳለሁ። እኔ በርጩማ ላይ፣ እሳቸው መደቡ ላይ። "ዛሬ የኔታ አንቺ ነሽ" እያሉ ሲቀልዱብኝ የምገባበት ይጠፋኛል። ምንም ሳልነግራቸው "አራራይ ነው" አሉ። አንተ ድምፅህን የምታንቀጠቅጥባት ቦታ ስደርስ ግን አስቆሙኝ። በዜማ ቤት ርክርክ የምትሏት ነች። "ይቺ የኔ ናት፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት" አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እንዳላየ ሆንኩ።

ከደሴ በኤንትሬ የጭነት መኪና ዕቃ የሚያመጣልን ሹፌር፣ ጀብሪል፣ ካሴቱን ፈልግልኝ እያልኩ ስነዘንዘው ከርሜ በዚህ ወር መግቢያ ይዞት መጣ። "አብሽሪ ብዬሽ አልነበር? ወላሂ፣ ደሴን ሳገላብጥ ነው የዋልኩት" አለኝ። ቴፕም ከነባትሪ ድንጋዩ አዋሰኝ። ወደ አባትህ በረርኩ።

ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ። ዘፋኙ ያችን ቦታ ምንም ሳያንቀጠቅጥ ቀጥ ብሎ አለፋት። አባትህ ቅር አላቸው። "እነዚህ ሰዎች ሳያደላድሉ ነው ከመምህራቸው የወጡ" አሉ። እኔ ሳቄን ስታገል ዘፈኑ ወደማናውቀው ግማሽ ሊሻገር ሆነ። እጃቸውን አነሱ።

"አጥፊው።"

አጠፋሁት።

"ቀሪውን ከዚህ ከተቀበልን ልጁን መጠበቅ ትተናል ማለት ነው። ከራሱ ከመምህራችን እንቀበላለን።"

እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩ። እሳቸው ዜማ ፍለጋ ከደብር ደብር በእግራቸው የዞሩ ሰው ናቸው፤ መጠበቅ ያውቁበታል። እኔ አላውቅበትም። ካሴቱን በመቀነቴ ቋጥሬ ስዞር ሰነበትኩ። ቴፑ አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ ደርሶ ይመለሳል፣ እነሳለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። በዚህ መሀል ከአንተ ጋር የሄደው የከላላው ልጅ መርዶ መጣ። አባትህ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ በሱቁ በኩል መጡ። "እንደግም?" ብቻ አሉኝ። ቤታችሁ ሄደን የምናውቃትን ግማሽ ደገምናት። ርክርኳ ላይ ስንደርስ የሳቸው ድምፅ ጸና፣ የኔ ነው የተሰበረው። ያን ዕለት እሳቸው ያሉት ገባኝና ካሴቱን ከነቴፑ ለጀብሪል መለስኩለት።

ጀብሪል ግን ዘፈኑን ወዶት አረፈው። አሁን መኪናው ላይ ከፍቶት ነው ወደ ከተማ የሚገባው። ባለፈው ቅዳሜ ገበያው ጢም ብሎ ሳለ፣ ኤንትሬው ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ሰማሁት፤ የኛ ግማሽ ሊያልቅ ነው። የስኳሩን ጣሳ ጥዬ ሁለት ጆሮዬን ደፈንኩ። ሰልፈኛው አበደች ብሎ ያየኛል። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ፣ አባትህ በበግ ነጋዴዎቹ መሀል፣ መቋሚያቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሁለት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነው ቆመዋል። ሰው እየገፋቸው ያልፋል። እሳቸው እኔን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ሁለታችንም ጆሯችንን ስለደፈንን ዘፈኑ ማለቁን የሚነግረን አልነበረም። መኪናው ገበያውን አልፎ ከሄደም በኋላ እንዲሁ እንደተያየን ቆየን።

መልአኩ፣ እስከ ዛሬ በሰው ዘፈን ተከልዬ ነበር የምነግርህ፤ አሁን በራሴ አፍ ልበልህ፦ እወድሃለሁ። የተሰጠኝን አደላድያለሁ። አባትህም አደላድለዋል። ና፣ ቀጣዩን ስጠን።

ተማሪህ፣
የዓለምዘርፍ