ከመኪናቸው ላልወረዱት ኃላፊ፦ ስለ ዘበኛው ነስሮና ስለ ብሔራዊ መዝሙር

ለተከበሩ አቶ ኒቆዲሞስ ዓለሙ
የበዓላትና የሕዝባዊ ሥነ ሥርዓቶች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሐረር

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የእርስዎ ጤና፣ የባለቤትዎና የልጆችዎ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጉልበትዎ ጤና እንዲጠበቅ ምኞቴ ነው። ጉልበትዎን ለይቼ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ከመኪናዎ ወርደው ሁለት ደቂቃ እንኳ መቆም ሲያቅትዎ በዐይኔ በብረቱ ስላየሁ፣ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሥጋት ይዞኛል። ግምቴ ተሳስቶ ጉልበትዎ ደኅና ከሆነ ግን የታመመው ሌላ ነገር ነውና፣ ይህ ደብዳቤ ስለ እርሱ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በኤረር በር አጠገብ በሚገኘው ትምህርት ቤት ሃያ ስምንት ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ፤ ከዚያም ውስጥ ዐሥራ አንዱን ዓመት በምክትል ርእሰ መምህርነት የጠዋቱን ሰልፍ እየመራሁ አሳልፌአለሁ። ዛሬም በየማለዳው ከምኖርበት ከሐኪም ጋራ ተራራ ወርጄ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ከልጆቹ ጋር እዘምርና ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ይህን እንዳደርግ ያዘዘኝ የለም፤ ስብሰባም አልተጠራበትም።

የማክሰኞውን ነገር፣ በስልክ ላይ ስለ ነበሩ ልብ ሳይሉት ቀርተው ይሆናልና ላስታውስዎ። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ያለው መንገድ ጠባብ ነው። መዝሙሩ ሲጀመር በዚያ መንገድ ላይ ያለ ሁሉ ባለበት ይቆማል። የዚያን ዕለትም ባለባጃጁ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። በጊደር መጋላ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚነግዱት ወይዘሮ አማል ጆንያቸውን በራሳቸው ላይ እንደ ተሸከሙ ቆሙ። እንጨት የተጫነች አህያ እንኳ፣ ጌታዋ ገመዷን ስለ ያዘ፣ ቆማለች። የተንቀሳቀሱት አንዲት ፍየልና የእርስዎ መኪና ብቻ ነበሩ፤ ፍየሏን አልወቅስም፣ ቃለ መሐላ ፈጽማ ሹመት አልተቀበለችምና።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነስሮ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት በዚያ በር ላይ የቆመ ሰው፣ እየዘመረ ወደ መንገዱ ገባና እጁን ዘርግቶ መኪናዎን አስቆመ። ሾፌርዎ ቆመ፤ ምስጋና ይገባዋል። ከኋላ መቀመጫ ግን «ንዳው» የሚል ድምፅ መጣ፤ ጥሩምባም ሁለት ጊዜ ተነፋ። ነስሮ መስኮቱን አንኳኩቶ፣ «ጌታዬ፣ መዝሙር ነው፤ ትንሽ ይውረዱ» አለ። እርስዎም መስተዋቱን አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ማን እንደ ሆንሁ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁት። ነስሮ፣ «ወላሂ አላወቅሁም፤ ማንም ቢሆኑ ግን ይወርዳሉ» ሲል መለሰ። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ አማል መታገሥ አቅቷቸው፣ «አቦ፣ እኔ ይኼን ሁሉ በርበሬ ተሸክሜ ቆሜያለሁ፤ እሱ የተሸከመው ስልክ ነው!» ቢሉ መንገደኛው ሳቀ። ይህ ሳቅ ኋላ ለትምህርት ቤቱ በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ «የተደራጀ ሁከት» ተብሎ መመዝገቡን አንብቤአለሁ። ከዚያ በኋላ መኪናዎ የነስሮን ክንድ ገፋ አድርጎ አለፈ። መዝሙሩ ገና አላለቀም ነበር።

በማግሥቱ ለርእሰ መምህርቷ ለወይዘሮ ዕፀገነት ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰ፤ ነስሮም ከሥራው ታገደ። የዲሲፕሊን ኮሚቴው በመጪው ሰኞ ተሰብስቦ ይሰናበት ወይም ይመለስ የሚለውን ይወስናል። ስለዚህ የምጽፍልዎ ስለ አንድ ሰው እንጀራ ነው። አቤቱታዎቼን፣ ለንባብ እንዲቀልልዎ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በቅድሚያ ስለ ደብዳቤዎ አጻጻፍ ያለኝን ምስጋና እገልጻለሁ። ለተማሪዎቼ እንዴት መጻፍ እንደሌለባቸው ሳስተምር ሁልጊዜ ምሳሌ ይቸግረኝ ነበር፤ እርስዎ ሁሉንም በአንድ ገጽ ሰበሰቡልኝ። ዘጠኝ መስመር የሚረዝመው ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር «የመንግሥት ኃላፊን ክብር ከማጉደል አኳያ» ብሎ ተነሥቶ «ከማስቻል አንጻር» ብሎ ያርፋል፤ ማን ምን እንዳደረገ ግን በየትም ቦታ አይናገርም። አንዱን ቅጂ በቀይ ብዕር አርሜ ለጽሕፈት ቤትዎ ልኬአለሁ። ይሁን እንጂ የከፋው ጉድለት ይህ አይደለም። የከፋው፣ «ክብር» የሚለው ቃል ሰባት ጊዜ በተጻፈበት ገጽ ላይ «መዝሙር» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አለመጻፉ ነው። ደብዳቤውን ብቻ ያነበበ ሰው፣ ነስሮ መኪናዎን ያስቆመው ሊዘርፍዎ ፈልጎ ነው ብሎ ያምናል።

፪. ርእሰ መምህርቷ በትሕትና ደውለው ነገሩን ሊያስረዱ ሲሞክሩ፣ «የመሪ ሥራ መምራት ነው፤ መዘመር የተማሪና የማርሽ ባንድ ሥራ ነው» ብለው እንደ መለሱላቸው ነግረውኛል። ስለ እንዲህ ያለው ጥበብ የተሞላበት የሥራ ክፍፍል በከተማው ሕዝብ ስም አመሰግናለሁ። እስካሁን ድረስ አገሪቱ የሁላችን ስለ መሰለችን ሁላችንም ስንዘምርላት ኖረናል፤ ለካስ የእርስዎ ድርሻ መስማት ኖሯል፤ እርሱንም ቢሆን መስተዋት ዘግተው። በዚሁ ከቀጠልን መቆም የሕዝብ፣ ማለፍ የኃላፊ፤ መጠማት የሕዝብ፣ ስለ ውኃ መግለጫ መስጠት የኃላፊ እየሆነ ሥራው ለሁላችን በመልካም ሁኔታ እንደሚዳረስ ተስፋ አለኝ።

ለመሆኑ ከእርስዎ የተጠየቀው ምን ነበር? ድምፅዎ እንዲያምር የጠየቀ የለም። የእኔ ድምፅ እንኳ የተሰነጠቀ ነው፤ ባለቤቴ ወይዘሮ ተናኘወርቅ በቤት ውስጥ ሳንጎራጉር ስትሰማኝ ተነሥታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። ከእርስዎ የተጠየቀው ለሁለት ደቂቃ ያህል በባለባጃጁና በወይዘሮ አማል መካከል፣ ከእነርሱ ሳይበልጡና ሳያንሱ፣ አንድ ሰው ሆነው መታየት ብቻ ነው። የከበደዎትም ይኸው ይመስለኛል።

፫. በዚሁ የስልክ ንግግር «አፌን እንድከፍት የሚያስገድደኝ ሕግ የለም» ማለትዎንም ሰምቻለሁ። ይሁን፤ እንዳሉት ይሁን። የጎረቤትን ሰላምታ እንድመልስ የሚያስገድደኝ ሕግም የለም፤ ለቀስተኛ ሲያልፍ ሬዲዮዬን እንድቀንስ የሚያስገድደኝም የለም። ሰው ሕግ እስኪወጣ ሳይጠብቅ የሚያደርጋቸው ነገሮች ናቸው ሰው መሆኑን የሚያስታውቁት። ለነገሩ ባለፈው የሰንደቅ ዓላማ ቀን በመድረክ ላይ ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ ከሩቅ አይቼ፣ «እኒህ ሰው መዝሙሩን ያውቁታል» ብዬ ተደስቼ ነበር። ፊት ለፊት የተሰለፉት ልጆች ማስቲካ እንደ ነበረ ነገሩኝ። ልጆቹን ውሸታሞች ብዬ ተቈጥቻቸዋለሁ፤ አሁን ይቅርታ ልጠይቃቸው ይገባኛል።

፬. ወዳጆቼ ከሆኑ ሽማግሎች መካከል፣ «ሰውን በግድ ማስዘመር ምን ይጠቅማል? ያላመነበት ሰው ዝም ቢል አይሻልም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ከእርስዎ መልስ ይልቅ የተከበረ ስለ ሆነ በቁም ነገር ልመልስለት። እኔ በዕድሜዬ ሦስት ብሔራዊ መዝሙር ዘምሬአለሁ፤ ሦስቱንም ዛሬ ድረስ በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ስለዚህ ባለሥልጣን ሲዘምር ማየት ብቻውን አያስደንቀኝም፤ በየዘመኑ ከሁሉ በላይ ጮኾ የዘመረው፣ ዘመኑ ሲለወጥ ከሁሉ ቀድሞ ቃሉን ሲረሳው አይቻለሁ። ከልቡ የማያምንበት ሰው ከመኪናው ወርዶ፣ ቆሞ፣ «እኔ ይህን አልዘምርም፤ ምክንያቴም ይህ ነው» ቢል፣ ባልስማማም አከብረዋለሁ። የእርስዎ ዝምታ ግን የኅሊና ዝምታ አይደለም። ኅሊናው ያላስቻለው ሰው ለበዓላት ማስተባበሪያ ኃላፊነት አይሾምም፤ ቢሾምም የሰውን ልጆች ፀሐይ ላይ አሰልፎ «ድምፃችሁ አልተሰማም» እያለ አያስደግማቸውም።

ስለ ማስገደድ ከተነሣ ደግሞ እኔ ራሴ ንጹሕ አለመሆኔን ልናገር። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ነስሮ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ አንደኛ ክፍል ሲገባ፣ በቤታቸው የሚነገረው ሐረሪ ስለ ነበረ አማርኛ ገና አልገባውም ነበር። በሰልፍ ላይ ከንፈሩን ገጥሞ ሲቆም አየሁትና፣ ሳልጠይቅ ሳልመረምር፣ ከመስመር አውጥቼ ጠጠር ላይ አንበረከክሁት። ቃሉን እስኪያጠና ድረስ አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲሁ አደረግሁ። ያን ጊዜ ሥርዓት አስከባሪ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ በትምህርት ቤቱ በር ላይ አግኝቼው ይቅርታ ብጠይቀው ሳቀና፣ «ጋሼ፣ መዝሙሩን መጀመሪያ የተማረው ጉልበቴ ነው፤ አፌ ኋላ ነው የደረሰበት» አለኝ። እርሱ ይቅር ብሎኛል፤ እኔ ግን ነገሩን አልረሳሁትም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ይህችን ሒሳብ አብረን እንመልከታት። ትናንት ቃሉ ያልገባው ሕፃን ስላልዘመረ ተቀጣ። ዛሬ ቃሉ ሊገባው የሚገባ ኃላፊ ስላልዘመረ ዘበኛ ተቀጣ። በሁለቱም ጊዜ የተቀጣው ነስሮ ነው። የመጀመሪያው ጥፋት የእኔ ነው፤ ሁለተኛው የእርስዎ ነው። በእኔና በእርስዎ መካከል ያለው ልዩነት፣ እኔ ማፈሬ ብቻ ነው።

፭. ከታገደበት ቀን ወዲህ ነስሮ ወደ ግቢው እንዳይገባ ተከልክሏል። እርሱ ግን በየጠዋቱ ይመጣና ከእኔ ጎን፣ ከአጥሩ ውጭ፣ በመንገደኛ ወግ ይቆማል። አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ሐምዲ ከአጥሩ ውስጥ ትዘምራለች፤ አባቷ ከአጥሩ ውጭ ይዘምራል። ዐይኗ ከሰንደቁ ይልቅ በሩን ስለሚያይ መምህርቷ ሁለት ጊዜ አርመዋታል። «ነስሮ፣ ቤትህ ብትውል ምን ይልሃል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ቤት ምን እሠራለሁ ጋሼ? በዚህ ሰዓት እዚህ መቆም ለምጃለሁ» አለኝ። ሥራውን የወሰዱበት ሰው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ሥራው በእጁ ያለው ሰው ግን የት እንዳለ ከእኔ ይልቅ ሾፌርዎ ያውቃል።

ስለዚህ የምለምንዎ እንዲዘምሩ አይደለም። በዚህ ዕድሜዬ ማንንም አስገድጄ ማስዘመር አልፈልግም፤ ቢዘምሩም ቃሉን ከጎረቤትዎ ከንፈር ላይ ሲለቅሙ ማየት ለሁላችንም ያሳፍራል። የምለምንዎ ከሰኞ በፊት ያንን ግሥ የሌለውን ደብዳቤ በአንድ አጭር ደብዳቤ እንዲሽሩልኝ ነው። እንዳይቸገሩ ረቂቁን አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ አራት ቃል ብቻ ነው፦ «ነስሮ ወደ ሥራው ይመለስ።» ባለቤት አለው፤ ግሥ አለው፤ ለመፈረም የሚፈጀውም ጊዜ ከመዝሙሩ ያጠረ ነው።

ውድ ጊዜዎን ሰጥተው፣ ምናልባትም ከመኪናዎ ሳይወርዱ፣ ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመስተዋትዎ ጥራት፣ ለስልክዎም የማያቋርጥ መስመር እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
እንደሻው ኃይለመስቀል
ጡረተኛ መምህር፣ ሐኪም ጋራ፣ ሐረር

ግልባጭ፦
ለርእሰ መምህርት ወይዘሮ ዕፀገነት፣ ከመከራከር መታዘዝ እንደሚቀል ለሚያውቁት
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አባላት
ለአቶ ነስሮ፣ ከአጥሩ ውጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ዛሬ ዓርብ ለማሳተም ይዤ ስወርድ መዝሙሩ ተጀምሮ ነበርና ቆምሁ። መኪናዎ መጣ። ነስሮ ከጎኔ ቆሞ ይዘምር ስለ ነበር፣ በበሩ ላይ የሚያስቆመው ዘበኛ አልነበረም፤ ማንም ማንንም አላዘዘም። ነገር ግን ባለባጃጁ ወደ ዳር አልወጣም፤ ወይዘሮ አማልም ጆንያቸውን እንደ ተሸከሙ ከመንገዱ መካከል ንቅንቅ አላሉም። ጥሩምባዎ አራት ጊዜ ተነፋ፤ አንድም ሰው ዘወር ብሎ አላየም። እንደማይወርዱ ዐውቄ ነበር፤ አልወረዱምም። ቢሆንም መኪናዎ እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ በሥርዓት ቆሟል፤ ስለ እርሱ ጨዋነት ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ሲያበቃ ወይዘሮ አማል ወደ እኔ መጥተው፣ «ጋሽ እንደሻው፣ ነስሮን ከዘበኝነቱ አገዱት፤ እኔንስ ከምን ሊያግዱኝ ነው፣ ከበርበሬዬ?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው የሚመለከተው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ስላላወቅሁ፣ ለውሳኔ ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ።