ያልተነቀለው አምፖል

መስከረም 8
ከጉኑኖ ወዲያ፣ የተወለድኩበት መንደር ዋልኩ። ዝናብ። ቆጣቢ አምፖል ቤት ለቤት አደልን፤ አሮጌዎቹን ሰብስበን መጣን። አባዬ አዲሱን በመዳፉ መዘነና፣ «ይቺ ናት የምታበራው?» አለ። ራሴ ገጠምኩለት። ሲበራ ሳቀ... ጫማዬ እስካሁን አልደረቀም።

ኅዳር 3
ቢሮ፣ የመብራት ቁጠባ ክፍላችን ውስጥ፣ ተጨበጨበልኝ። የመንደሩ ፍጆታ በግማሽ ቀንሷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደክሞኝ ይሆን?

ኅዳር 19
ዱባለ ደወለ፤ የመንደሩን የሶላር ጣቢያ የሚጠብቀው የአክስቴ ልጅ። «እታፈራሁ፣ አምፖልሽ ጉድ ሠራን!» ለካ የሶላሩ ድጎማ የሚሰጠው በተሸጠው መብራት ልክ ነው። ሽያጩ ከወረደ አዲስ ባትሪ የለም። አሮጌው ደግሞ እያለቀ ነው። እኛ ቆጥቡ እንላለን፣ እነዚያ ሽጡ ይላሉ። ሰዎቼ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኑ።

ኅዳር 20
አለቃዬ አቶ ይልቃል፣ «ቁጠባው የእኛ እቅድ ነው፣ ድጎማው የእነሱ» አሉ። «እነሱ» ማለት ከእኛ ሦስተኛው በር። ገባሁ። ድጎማውን የምትመራው ሶፍያ ሻይ አዘዘችልኝ፤ ከልቧ አዘነች። «ምን ላርግ? መመሪያው ነው።» ሁለቱ ክፍሎች አንድ ቀን አብረው ቢቀመጡ ምን ነበረበት? ተናድጃለሁ።

ጥር 4
እሑድ። አባዬ ደወለ። ለካ ነገሩ ከተጀመረ ወር አልፎታል... ቤተ ክርስቲያን፣ ከስብከቱ በኋላ፣ አንድ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቆመው፣ «ወገኖች፣ መብራት አታጥፉ። ቀንም ሌሊትም ይብራ። ባትሪ እንድናገኝ ነው» ብለዋል። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ሽያጩ እንዲያድግ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተውሶ የሰካም አለ።
«አባዬ፣ ባትሪውን ትገድሉታላችሁ! ሲደክም ራሱ አይቆርጥም እንዴ?»
«መቁረጫውንማ እንዳይቆርጥ ዱባለ በሽቦ አገናኝቶታል» አለ፣ በኩራት።
ነገ በጠዋት እሄዳለሁ።

ጥር 5
ዘገየሁ። ሌሊቱን ባትሪው ሞቶ መብራቱ ጠፍቷል። ዱባለ ባትሪው አጠገብ ተቀምጧል፣ ቀና ብሎ አላየኝም። አምፖሉን ያመጣሁት እኔ።

የካቲት 3
የመንደሩ ፍጆታ ዜሮ። አቶ ይልቃል፣ «ይህንንም ቁጠባ ነው ብለን እንጻፈው እንዴ?» ብለው ቀለዱ። ከሰዓት ለአረካ የሚታደል አዲስ አምፖል መጣ። ሌላ ሰው ላኩ አልኩ።
ማታ አባዬ ጋ ደወልኩ። ኩራዙን ከቆጥ አውርዶ አጥቦታል።
«አምፖልሽን ግን አልነቀልኩትም» አለ። «ስትመጪ እንዳይከፋሽ።»